«ግቡ» ማለቴን የብርበራ ፈቃድ አድርጎ ለቆጠረው ችሎት

ለተከበራችሁ የይግባኝ ሰሚው ችሎት ዳኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ፤ ወገባችሁ ከወንበሩ፣ ዓይናችሁም ከመዝገቡ ጋር ተስማምቶ እንዲኖር እመኛለሁ። እኔ የእንጨት መሰንጠቂያውን ዘበኛ ገድሏል ተብሎ አሥራ አራት ዓመት የተፈረደበት ልጅ አክስት ነኝ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ፍርዱን ያጸናችሁበትን ስድስት ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከወቀሳ በፊት ምስጋና ይቀድማል ተብለን በአርጩሜ ስለተማርን፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ አስተዳደጌ ስለመሰከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። በብርበራው ዕለት ጠዋት ሦስት ፖሊሶች በሬን ሲያንኳኩ፣ ሰው ደጅ ማቆም ስለማላውቅ «ግቡ፣ አትቁሙ» አልኩ፤ ወንበር ጠርጌ አቀረብኩ፤ ውሃ ቀዳሁ። ማዘዣ አልያዙም፤ ምስክር የሚሆን ጎረቤት አልጠሩም፤ ለምን እንደመጡም አልነገሩኝም። እናንተ ግን «የቤቱ ባለቤት በነጻ ፈቃዷ ብርበራውን ፈቅዳለች» ብላችሁ ጻፋችሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ስንት እንግዳ ቤቴን እንዲበረብር ፈቅጄ ኖሯል!

2. ሁለቱ ስለ ጉልበቴ ሕመም በትሕትና ሲጠይቁኝ፣ ሦስተኛው ብቻውን የልጁ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደም የነካው ሹራብ ይዞ ወጣ፤ ከቁም ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ አገኘሁት አለ። ያንን መሳቢያ ዘበኛው ከተገደለ በኋላ፣ ፖሊሶቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ቀን በፊት፣ በእጄ ወልውዬ አንሶላ ደርድሬበት ነበር። ሹራብ አላየሁም። በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ሊያስገባው ይችላል ብላችኋል። ልክ ናችሁ፤ ይችላል። ሹራቡም የእሱን ይመስላል፤ የሠፈሩ እኩሌታም እንዲያ ያለ ይለብሳል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልቀረበበትም።

3. «ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ጉድለት ቢኖረውም፣ ማስረጃው ራሱ እውነቱን ይናገራል» ላላችሁበት ጥበብ እጅ እነሳለሁ። ቤት ሲበረበር ሁለት ጎረቤት ቆሞ ይይ ተብሎ የተደነገገው ለወንጀለኛ ታዝኖ ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እንደኔ በጥርጣሬ ለምትቀረው ታዝኖ ነው።

አራተኛውን ጀምሬ ሰረዝኩት።

ልጁን በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል ጠየቅሁት። «አክስቴ ሙች፣ እኔ አይደለሁም» አለኝ፤ አመንኩት። ቤት ገብቼ ያንን መሳቢያ ልከፍት ስል ግን እተወዋለሁ። አንዱን ቀን ፖሊሱ ከብብቱ ሲያወጣው ይታየኛል፤ በማግስቱ ልጄ ከአንሶላዬ ሥር ሲሸጉጠው ይታየኛል። ዘወትር የሚሰማኝ ግን የገዛ ድምፄ ነው፤ ደስ ብሎት «ግቡ» ይላል። ንጹሕ ሰው ታስሮ እንደሆነ ወይም ነፍሰ ገዳይ አሳድጌ እንደሆነ አላውቅም። ክቡራን ሆይ፣ እናንተም አታውቁም፤ ልዩነታችን እናንተ መፈረማችሁ ነው።

የመጨረሻው ይግባኝ ከእናንተ በላይ ባለው ችሎት በሚቀጥለው ወር ይሰማል። እስከዚያ ድረስ እንቅልፋችሁ የሰመረ ይሁን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሦስቱን ፖሊሶች በክብር ያስተናገደች፣
አስተዳደጓን በስተርጅና ለማረም የተገደደች፣
የተከሳሹ አክስት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት የሟቹ ዘበኛ ሚስት ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ እጄን ይዛ፣ «እማማ፣ እውነት እሱ ነው የገደለብኝ?» አለችኝ። እናንተ ጥርጥር እንደሌላችሁ ስለጻፋችሁ የቢሯችሁን ቁጥር ሰጥቻታለሁ። ሰኞ ጠዋት ትመጣለች።