ሁለተኛው ደወል

ይድረስ ለማትጠገቢው ልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፣ የጎደለን የአንቺ ድምፅ ብቻ ነው።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ውለን የምንገባው ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሴቶቹ መጋረጃ እናጥባለን፣ ወንዶቹ ጣሪያ ይጠግናሉ፣ መዘምራኑም ድምፃቸው እስኪዘጋ ይለማመዳሉ። አባትሽም እንደ ልማዱ ደወሉን ይደውላል። ባለፈው እሁድ ደውሎ ወረደና ከሰው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ቆየ። ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ግን ተመልሶ ወጥቶ ደወለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ “የመጀመሪያው ለትጉሃን፣ ሁለተኛው እንደኔ ላለ እንቅልፋም ነው” ብላ አሳቀችን። እሱም አብሮን ሳቀ።

ቄሱ ለብቻዬ ጠርተው “ዘንድሮ የሚያግዛቸው ሰው እንፈልግ ይሆን?” አሉኝ። “ሠላሳ ዓመት ብቻውን የደወለ ሰው ምን እገዛ ያሻዋል!” ብዬ ኩም አደረግኋቸው። በኋላ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አብሬው እወጣለሁ፤ ደረጃ መውጣት ለጉልበት ጥሩ ነው ይባላል። ደውሎ ሲጨርስ እጁን ይዤ እወርዳለሁ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅም የደወል ቤቱ ቁልፍ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ጾሙ ሲፈታ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ከተመቸሽ ሳይገባ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? ለመጋረጃው እጅ አንሶናል።

በይ፣ ደህና ሁኚልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። አባትሽ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ “ሰላም በይልኝ” ብሎኛል። ሦስቴ ስለነገረኝ ሦስት ሰላምታ ይድረስሽ።

እናትሽ