እማዬ ያልታጠበችበት ጠዋት

ሰኞ፣ ኦገስት 4
ከአልጋ መነሳት የማትችለዋን እማዬን አንስቼ፣ አጥቤ፣ አልብሼ፣ አጉርሼ... አውቶቡሱ ሄደ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዛሬም አለፈኝ። በወሩ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና አለ። ጠዋት ነው፤ ያረፈደ አይገባም። ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
የትምህርት ቤቱ አማካሪ አስጠራችኝ። ወላጁን የሚንከባከብ ልጅ ከማንኛውም ልጅ እኩል መብት አለው፣ ሕግ ነው አለች። ደስ አለኝ። "ካልተከበረስ?" ስላት አመነታች። "ፍርድ ቤት አያስኬድም..." ታዲያ ምኑን ሕግ ሆነ? ምክር በሉት። ለማንኛውም የጠዋት ረዳት እንዲሰጠን አመልክታለች። ቤት አይቶ የሚወስን ሰው ይመጣል።

ዓርብ፣ ኦገስት 15
ተቃጥያለሁ። ከሰውየው ቀድመው አክስቴ ፉሲ ደረሱ። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። እኛ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣን ሰዎች ዘንድ የአባት እህት ከተናገረች አለቀ፤ አባዬ እንኳ ርቆ ከሚሠራበት ማዕድን ማውጫ ሲደውልላቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እንግዳ ገመናችንን አይቶ አይሄድም" አሉ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አሳማ ተጠበሰ፣ ጎደሬ ተቀቀለ። እማዬ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለበሰች። ያለበስኳት እኔ፣ ቤቱን የወለወልኩት እኔ። ሰውየው ሲጠይቅ መላሹ እሳቸው። "ቤተሰባችን ብዙ ነው፣ ምን ቸገረን?" እማዬ አቀረቀረች። እኔም ሥጋውን አቀረብኩለት። ጠግቦ ሄደ።
"እናትን ማጠብ በየት አገር ነው ችግር የሚባለው?" አሉኝ ሲወጡ። ያ ብዙ ቤተሰብ ጠዋት ጠዋት የት ነው?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19
"በቂ ቤተሰብ ስላላቸው ረዳት አያስፈልግም" ተባለ። እማዬ ላይ ጮህኩባት። ለምን ዝም አልሽ? አለቀሰች... እኔም። አማካሪዋ ተከራክራ ሰውየው ደግሞ እንዲመጣ አድርጋለች። በፈተናዬ ቀን።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28
ጠዋት ፎጣ ይዤ ስገባ አልጋው ርሷል። እማዬ እጄን ያዘች።
"ዛሬ አታጥቢኝ።"
"ሰውየው ይመጣል እኮ።"
"ይምጣ። እንዳለሁ ይየኝ። አንቺ ፈተናሽ ሂጂ።"
"ሽታው እማዬ..."
"ሂጂ አልኩሽ።"
ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ።
ከሰዓት ስመለስ ነገረችኝ። አክስቴ ፉሲ ምግባቸውን ተሸክመው ሲገቡ ሰውየው ቀድሟቸዋል። ደንግጠው ሊያነሷት ሞከሩ፤ በየት በኩል እንደምትያዝ አያውቁም። "ጠዋት ጠዋት የሚያነሳት ማነው?" ሲላቸው ወደ ምግባቸው ዞሩ። እማዬ ተናገረች፦ "ቴሌሲያ ናት። ልጄ ተማሪ ናት፤ ይበቃታል።" በአክስቴ ፉሲ ፊት እንዲህ ደፍራ አታውቅም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15
ረዳቷ ዛሬ ጀመረች። አክስቴ ፉሲ አኩርፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የሚያጉረመርሙብኝ አሉ። ያጉረምርሙ። እኔም ንዴቴ አልበረደም። ሕግ አለ እያሉ፣ እኛን ለማመን የእናቴን ሽንት ማሽተት ነበረባቸው?
ጠዋት እንደ ልማዴ ፎጣ ይዤ ስሄድ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቷል። በኔ ላይ ተዘግቶ አያውቅም። አንኳኳሁ።
"አይገባም፣ እየታጠብኩ ነው" አለች እማዬ ከውስጥ። "ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።"