ሰይድ በኮዱ ውስጥ ያቆያቸው ሥራዎች

ሰኞ

ዛሬም «አልተገኘችም» አልኳቸው። እትዬ ሐዋ ከአምባሰል ሲመጡ ይህ አራተኛቸው ነው። ጦርነቱ ወደዚህ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ ሕዝቡ ሁሉ ሲሸሽ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሐሊማ ደሴ መንገድ ላይ ጠፋችባቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። እኔ ስሟን እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ከየመጠለያው የተላከውን መዝገብ ይፈትሻል፣ ባዶ ገጽ ያመጣል።

«ደህና አርጎ ያያል ይኼ ነገር?» አሉኝ።

«ያያል እትዬ» አልኩ። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ፕሮግራሙን የሠራው ሰይድ ነው፤ ኮሌጅ አብረን ተምረናል። የተጠፋፉ ሰዎችን ለማገናኘት በጎ ፈቃደኞች ስንሰባሰብ በጥድፊያ ሠራውና ሪያድ ሄደ። አሁን ኮዱን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም በግማሽ።

ከሰዓት ከፍቼ ሳነብ መሐሉ ላይ «ይቀራል፦ ስልክ ቁጥሩ የተሟላ መሆኑ ይታይ» የሚል አገኘሁ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ዘሎት ያልፋል፤ ሠሪው ለራሱ የሚተወው ማስታወሻ ነው። ሰይድ ስንት እንዲህ ያለ ትቶ ይሆን?

ማክሰኞ

ፋይሉ ብዙ ነው፤ በዓይን አያልቅም። ስለዚህ ፈላጊ ሠራሁ። ትንሽ ነገር ናት፦ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ታያለች፣ «ይቀራል» የሚለውን ስታገኝ የፋይሉን ስምና መስመሩን ትጽፍልኛለች።

ካመጣቻቸው፦
ቀኑ በኛ አቆጣጠር ይሁን።
ዕድሜ ያልተሞላ እንደሆነ ፕሮግራሙ እንዳይቆም።
ሐያት ይህን ቀለም አልወደደችውም፤ ይለወጥ።

በመጨረሻው ሳቅሁ። እውነት ነው፣ አሁንም አልወደድኩትም።

ግን ሌላ ነገር ስፈልግ «ቆይቶ የሚሠራ» የሚል ዓይኔ ገባ። ፈላጊዬ አላየችውም፤ ለካ ሰውየው ሁልጊዜ «ይቀራል» አይልም። ሰይድን በድምፅ መልእክት ጠየቅሁት፦ «ሥራ ስታቆይ ምን ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?»

ረቡዕ

ሰይድ መለሰ። የሚሠራው ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ ከኋላው የጋሪ ጩኸት ይሰማል። «ወላሂ አላስታውስም ሐያት። ስቸኩል አፌ ላይ የመጣውን ነው። ቆይቶ፣ በኋላ... ኢንሻአላህም ብዬ ይሆናል።»

ሁሉንም ጨመርኳቸው። «ቆይቶ» አራት፣ «በኋላ» ሁለት። «ኢንሻአላህ» አንድ ብቻ፦

«ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንደዚሁ። ፍለጋው አንድ አድርጎ እንዲያያቸው፣ ኢንሻአላህ ከመሄዴ በፊት።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ሳይሠራው ሄዷል፤ ለኮምፒውተሩ እስካሁን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እኔ ሐሊማን በሐመሩ «ሐ» ነው የምጽፋት፣ አስተማሪዬ እንዲያ ስላስለመዱኝ። መጠለያ ውስጥ የመዘገባት ሰው በየትኛው ይጽፋት ይሆን?

ሐሙስ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ላፕቶፔን ይዤ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ቤት ሄድኩ፤ ጄኔሬተር አላቸው። ዘይት ሲንጣጣ፣ ሰው ዓሣ ሲያዝ፣ እኔ ጥግ ይዤ የሰይድን ቀሪ ሥራ ሠራሁ። መጀመሪያ በራሴ ስም ሞከርኩት። ሐያት፣ ሀያት፣ ኀያት፤ ሦስቱም አንድ መልስ አመጡ።

ከዚያ ሐሊማ ሑሴን ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መጡ። አንዷ የልጆች እናት ናት፣ ትልቅ ሴት። ሁለተኛዋ፦ «ሀሊማ ሁሴን፣ 19፣ ከአምባሰል፣ እናት ሀዋ፣ ደብረ ብርሃን።» ስልክም አለው።

ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። መዝገቡ ወራት ያለፈው ነው፤ የትም ሄዳ ይሆናል። ለእትዬ ሐዋ ልንገራቸው? ተስፋ ሰጥቼ ብነጥቃቸውስ? ነገ ደግሜ እስክደውል ልቆይ አልኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት እንደገና ስደውል ስልኩ ጠራ። ያነሱት ልጅቷን ያስጠጓት ሴትዮ ናቸው። «አለች፣ ዳቦ ቤት ትሠራለች፣ ከሰዓት ትመጣለች» አሉኝ። ባጃጅ ልኬ እትዬ ሐዋን አስመጣኋቸው፤ ከሰዓት ደወልንላት።

ስልኩን ሲይዙ ልጄ ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም። «የላማችን ስም ማነው?» አሉ፣ እንደ ዳኛ። ልጅቷ የመለሰችውን አልሰማሁም። እትዬ ሐዋ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እኔ ወጣሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። «እኔ ስመላለስ፣ እዚህ ውስጥ ነበረች እንዴ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበረች እትዬ። አፈላለጉ ላይ ስሕተት ነበረብን።»

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «በይ አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ቅዳሜ

ለሰይድ ነገርኩት። መልእክቱን እንዳየ ደወለ። «ከመሄዴ በፊት እሠራዋለሁ ብዬ...» አለና ተወው። «አሁን ተሠርቷል» አልኩት። አብረን የማቆያ ቃላቱን ዝርዝር አሟላን፤ ፈላጊዋ ሌላ የተረሳ ሥራ ካለ በየሳምንቱ ታወጣልናለች።

ከዚያ ባዶ እጃቸውን የመለስኳቸው ሰዎች የሚፈልጓቸውን ስሞች ሁሉ እንደገና ፈለግሁ። ዓሊ፣ ሠናይት፣ ኃይሉ። ለአብዛኞቹ አሁንም ምንም አልመጣም። ለጥቂቶቹ ግን መጣ። እነሱ መሆናቸውን ገና አላውቅም።

በዓሊ ጀመርኩ። እናቱ የሚፈልጉት ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ስልኩ ብዙ ጠራ፤ ልዘጋ ስል ተነሣ።

«ማን ልበል?» አለ፣ ወጣት ድምፅ፣ የወሎ ቅላጼ ያለው።