የሰረዝኋቸው ኤሞች

ሰኞ፣ ጁን 3 ቀን 1996

ሰምተህ የማታሰማ፣ አይተህ የማትፈርድ፣ አርባ ዓመት ላቲን ሳስተምር ያከማቸሁትን ዝባዝንኬ ሁሉ በትዕግሥት የተሸከምህ፣ ክቡር ደብተሬ ሆይ! ዛሬ ዝናብ። የባሮ ሽንኩርት ሾርባ። ሌላ ምንም... ማለትስ፣ አንድ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት በአጥር ሾልኮ የጠፋብኝ ኤሊዬ ቆንስል ሳይገኝ አልቀረም! የኤሊ ወዳጆች በኮምፒውተር በሚጻጻፉበት የውይይት ቡድን፣ ራሱን "ደወለኛው" ያለ ሰው እንዲህ ጽፏል፦ "ኤሊ አግኝቻለሁ። ፎቶውን አይቶ የኔ ነው የሚል፣ የጀርባውን ምልክት ይንገረኝና ይውሰድ። እስከ ቅዳሜ ባለቤቱ ካልመጣ ለእንስሳት ማቆያ እሰጠዋለሁ።"

ፎቶው ግን፣ እንደ ቡድኑ ልማድ፣ ወደ ፊደል ተቀይሮ በአራት መልእክት ተቆራርጦ ነው የሚላከው። ኮምፒውተሩ መልሶ ካልፈታው የእብድ ጽሕፈት ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ሦስት ክፍሎች ደርሰዋል፤ አራተኛው ገና። መስመሩ ሁሉ ማለት ይቻላል በላቲኑ ፊደል በኤም (M) ይጀምራል! ብራና የሚገለብጥ ሰነፍ ጸሐፊ ዓይኑ ሲደክም አንዱን ፊደል እንደሚደጋግም፣ እኔም በዕድሜዬ ስንቱን እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳረምሁ፣ ማን ያጣዋል? ኤሞቹን አንድ በአንድ ሰረዝሁ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። እንዴት ያለ ንጹሕ ጽሑፍ ወጣው!

ረቡዕ፣ ጁን 5

ፕሮግራሙ "ፋይሉ ተበላሽቷል" አለኝ። እኔ አርሜው? ባለጌ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ጎረቤቴ ዲሊስ፣ ጡረታ የወጣች ቴሌግራም አስተላላፊ፣ መጣች። ሥራዬን አየች። ከዚያ፦

"መምህር፣ ኤሞቹን ማን በላቸው?"

"አረምኋቸው።"

"አረምካቸው! መስመሩ ስንት እንደሚይዝ የሚናገረው እኮ ኤሙ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል እያረምኩ ባስተላልፍ ኖሮ፣ ስንቱን ሟች 'እንኳን እግዜር ማረህ' ባልኩት ነበር!"

መልእክቶቹን እንደ አዲስ፣ እንደተላኩ፣ ከማንበቢያው ፕሮግራም በተራ መርጣ "ፍታ" የሚለውን ተጫነች። ድስት ጥዳ ስለ ነበር ሄደች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ምስሉ ከላይ ወደ ታች ወጣ... ታችኛው ሩብ ሲቀር። ሰማይ። የተንጋደደ የደወል ማማ። ኤሊው ታች፣ ባልመጣው ክፍል ውስጥ ነው! እንዲህ ያለ ማማ የሚያቆም ግድየለሽ አገርስ የት ይሆን?

ዓርብ፣ ጁን 7

አራተኛው አልመጣም። ለደወለኛው ሦስት ገጽ ልመና ላክሁ። ዝም። ነገ ቅዳሜ... ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ዲሊስ ምስሉን አየች። እኔን አየች።

"መምህር፣ መጋረጃውን ክፈት።"

"ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ..."

"ክፈት አልኩህ!"

ከፈትሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳየው የኖርሁት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማማ። ተንጋዶ።

ደወለኛው፣ ከማማው ሥር የሚኖረው ደወል መቺው ኢቮር ነው! መንገዱን ተሻግሬ በሩን አንኳኳሁ።

"የሰፈሩ ሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትለጥፈውም ነበር?" አልሁት።

"ሰሌዳው ሞልቶ ነዋ! ለዓለም መላኩ ቀለለኝ። ይልቅ ምልክቱን ንገረኝ።"

"ቀይ ነጥብ፣ በስተግራ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ በጥፍር ቀለሟ የቀባችው።"

ኢቮር ሣጥኑን ከፈተ። ቆንስል! በሁለት ዓመት ስልሳ እርምጃ ተጉዞ፣ ሰላጣ እየበላ። ቀና እንኳ አላለም።

አሁን ከጠረጴዛዬ ሥር ተኝቷል። መጋረጃው ክፍት ነው። ክቡር ደብተሬ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፦ ስለ ኤሞቹ ለማንም አትንገር።