ሦስት ጊዜ ታጥቦ አንድም ቀን ስላልታየው አንጀቴ

ለጉንደል ሜዳ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣
ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል፤

አንጀትዎን ጨምሮ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከቡሬ ገጠር የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወንድሜ ላቀው በአንጀት ካንሰር ከሞተብን ወዲህ፣ እኔና እህቴ እናኑ ሳያመን እንድንመረመር ሐኪሞች መክረውናል። ሆስፒታልዎ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው፣ የአንጀትን ውስጥ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አዲስ ቱቦ ማስመጣቱን ስሰማ ደስ ብሎኝ ቀጠሮ ያዝሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ ብዙ ነውና በቁጥር ላቅርበው።

፩. በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ቀን ከእህል ተከልክዬ፣ የማጠቢያውን መድኃኒት ጠጥቼ ስደርስ፣ መሣሪያው ለመልካም አስተዳደር ሳምንት ኤግዚቢሽን መውጣቱ ተነገረኝ። ድንኳኑ ድረስ ሄጄ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ በምርጥ ዘር በቆሎና በሞዴል አርሶ አደር ማር መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። እኔ እሱን አየሁት፤ እሱ ግን እኔን አላየኝም።

፪. በሁለተኛው ቀጠሮ እንደገና ታጥቤ ስመጣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ጠፍቶ ነበር። አፈላላጊ ኮሚቴ በማቋቋምዎ እጅግ ተጽናንቻለሁ።

፫. በሦስተኛው ቀጠሮ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። ጎረቤቶቼ ማጠቢያው የኮሶ መድኃኒት መስሏቸው፣ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ኮሶ የጠጣ ሰው አይተው ስለማያውቁ፣ በፍልሰታ ጾም ጥሬ ሥጋ ከማን ቤት ተደብቄ እንደምበላ እየጠየቁኝ ነው።

በመጨረሻ ባሕር ዳር፣ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ሽምብራ የምታህል እብጠት ተገኘችብኝና በክሊኒኩ ተመሳሳይ ቱቦ ወዲያው ተቆርጣ ወጣች። ብትቆይ ወደ ካንሰር ልትለወጥ ትችል እንደነበር ሐኪሙ አስረዳኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ላቀው ትዝ ብሎኝ አለቀስሁ።

የእናኑ ቀጠሮ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም. እርስዎ ዘንድ ነው። የታመሙ እናታችንን ትታ ባሕር ዳር መሄድ አትችልምና፣ እሷ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥባ እንድትታይ ይፍቀዱላት።

በብዙ ትሕትና እጅ የምነሳዎ፣ በሆስፒታልዎ ትጋት ውስጤ ከውጭዬ ይልቅ የጠራው፣
ናሁሰናይ ወልደ ሥላሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባሕር ዳር የመረመረኝ ሐኪም፣ ለዚሁ መሣሪያ አሠልጥነውት ሥራ በማጣት ከኤግዚቢሽኑ ማግስት የለቀቀው የራስዎ ባለሙያ ነው። ሰላም ብሎዎታል፤ ከጠሩትም ለኅዳር ፲፪ እመጣለሁ ብሏል። የጠፋው ቁልፍ በአሮጌ ጋዋኑ ኪስ ስለተገኘ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ኮሚቴውን ግን እንዳያፈርሱት፤ አሁን ደግሞ በሩን የሚከፍት ሰው ያፈላልግ።