ቡድናቸው ሲሸነፍ ጥለው ወጥተው የማያውቁት የአቶ ሲራጁዲን ይማም ዕረፍት

በቴክሳስ የኧርቪንግና አካባቢው ኢትዮጵያውያን የታክሲ ሾፌሮች መረዳጃ ማኅበር፣ መሥራች አባሉ አቶ ሲራጁዲን ይማም በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ኖቬምበር 10 ቀን 2009 ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። በጣም የምንወዳቸው ሰው ነበሩ።

አቶ ሲራጁዲን በወሎ ሐይቅ ተወልደው፣ ዳላስ ከገቡ ጀምሮ የኤርፖርት ታክሲ እየነዱ ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። ለአዲስ ሾፌር መንገድ ያሳያሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ቀርተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ያወቃቸው ግን በዴንተን የሚገኘው የትንሹ ፔካን ክሪክ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ደጋፊ በመሆናቸው ነው።

በ2006 መጸው የአንድ ተጫዋች ወላጆችን ከኤርፖርት ስታዲየም ሲያደርሱ፣ ትርፍ ትኬት አለን ብለው ጋበዟቸውና ገቡ። ቡድኑ ክፉኛ ተሸነፈ፤ ተመልካቹም በእረፍት ሰዓት እየተነሳ ሄደ። አቶ ሲራጁዲን ሐዘን ቤት ጥለው መውጣት አያውቁበትምና እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ሲያልቅ መውጫው በር ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ተጫዋች እጅ እየጨበጡ "አይዞህ" አሉ። እዚህ አገር እንዲህ እንደማይደረግ የነገራቸው አልነበረም።

በ2007 አባሎቻችንን ይዘው መሄድ ጀመሩ። የዛሬው ሊቀመንበራችን አቶ ሞላልኝ "ሶ፣ ሁሌ ለሚሸነፍ ቲም ብዬ የኤርፖርት ተራዬን ሚስ ላድርግ?" ብለው ሲከራከሩ፣ "ሲያሸንፉማ ሰው አያጡም፤ እኛ የምናስፈልገው ሲሸነፉ ነው" ብለው መለሱላቸው። ሊቀመንበሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ አልቀሩም። የምሥራቁ መቀመጫ የእኛ ሆነ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀጂራ የሚጠብሱት ሳምቡሳም ከሽንፈት በኋላ በሩ ላይ ለተጫዋቾቹ መታደል ጀመረ።

በ2008 ቡድኑ ሳይታሰብ በሜዳው አሸነፈ። ሳምቡሳው ይታደል ወይስ ይቅር የሚለው ጉዳይ ማኅበሩን ከፋፈለው፤ አቶ ሲራጁዲን "ለዛሬ እኛው እንብላው" ብለው ገላገሉን። የጨዋታውን ሕግ እስከ መጨረሻው አልተረዱትም። ማኅበሩም እስካሁን አልተረዳውም።

በዚህ ዓመት ኮሌጁ ተመልካች በማነሱ ቡድኑን ለመዝጋት ማሰቡን፣ የሚወስነውም የፊታችን ቅዳሜ በሜዳው በሚደረገው የመጨረሻ ጨዋታ የሚመጣውን ሰው አይቶ መሆኑን አስታውቋል። አቶ ሲራጁዲን ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ለየአባሉ ኮል እያደረጉ ቅዳሜ እንዳትቀሩ ሲሉ ለመኑን። ቅዳሜን ሳያዩ አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ተጫዋቾቹ መለያቸውን ለብሰው፣ ሳምቡሳ ቢያጡ ዶናት ገዝተው ለቅሶ ደረሱ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ተሰልፈው የአቶ ሲራጁዲንን ልጅ የበራእን እጅ በየተራ ጨበጡና "አይዞህ" አሉት። ከአማርኛ የሚያውቁት ይህችኑ ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም።

ወይዘሮ ሀጂራ ቅዳሜ ለቅሶ ሊደርስ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ ስታዲየም እንዲገባ አሳስበዋል፤ ቤታቸው ከጨዋታው በኋላ ክፍት ነው። ማኅበራችን ለእሳቸው፣ ለልጆቻቸው ለበራእና ለሁመይራ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተጫዋቾቹ መጽናናትን ይመኛል። አቶ ሲራጁዲንን አላህ በጀነት ያኑራቸው።

ቅዳሜም ቡድኑ የሚሸነፍ ይመስለናል። ስለዚህ ማንም እንዳይቀር።