የግራው ስፒከር

ለቀድሞዋ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? ስሜ ሲነሳ ዛሬም ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ከሆነ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው፤ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ስፌቱም አላሳፈረኝም፤ ሰዉ እየወፈረ ስለሆነ ሱሪ ማስፋት ብቻውን ያኖረኛል።

የጻፍኩልሽ በስፒከሮቹ ጉዳይ ነው። መቼም አጎቴ ንብረት ሲያካፍለን የሠራውን ሥራ አትረሽውም። ሁለት ወንበር፣ አንድ አንድ። ሁለት ትራስ፣ አንድ አንድ። የእንጨት ስፒከሮቻችን ጋ ሲደርስም ዓይኑን ሳያሽ አንድ አንድ ሰጠን። ተኮራርፈን ስለነበር አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። የግራው ለኔ፣ የቀኙ ላንቺ ሆነ።

ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ያንን የምንወደውን ሸክላ ባጫወትኩ ቁጥር የሚሰማኝ ጊታርና ከበሮ ብቻ ነው። ዘፋኙ ለካ በቀኝ በኩል ነበር፤ አንቺን ተከትሎ ሄዷል። ጊታሩ ያጅባል ያጅባል፣ ዘፋኙ የሚገባበት ላይ ሲደርስ ሰው የለም። መጀመሪያ ሰሞን እኔው ተክቼው እዘፍን ነበር። ጎረቤቴ መጥታ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት በቃኝ ብዬ ያጠራቀምኳትን ይዤ ወጣሁ። አንዱ ሱቅ አዲስ ጥንድ አሳየኝ፤ ከዳቦ የማይበልጡ፣ ገመድ የሌላቸው፣ በስልክ የሚታዘዙ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና ያላቸው። ከገንዘቤ ጋር ልክክ ይላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ሳይቀር ይሰማል። ግን ኪሴ የገባው እጄ አልወጣም አለ።

ስለዚህ የግራዬን ተሸክሜ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄድኩ፤ በከተማው የድሮ ስፒከር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ገና ሲያየው ሳቀ። ከወር በፊት የቀኙ እሱ ዘንድ ለጥገና መጥቶ እንደነበር፣ አናቱ ላይም የካውያ ቃጠሎ እንዳለበት ነገረኝ። ሽጪልኝ ቢላት ሴትዮዋ ተቆጣችው፤ ግራው ከተገኘ ግን እንዲደውልላት ቁጥሯን ትታ ሄዳለች። የማን ቁጥር እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ስለ ቃጠሎው ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ካውያውን እዚያ ላይ ማን እንደረሳው እስክንለያይ ድረስ ተጨቃጭቀናል። እኔ ነበርኩ።

አዲሶቹን አልገዛሁም። ገንዘቧን ለግራው ማሳደሻና ለረጅም ገመድ አዋልኳት። መጀመሪያ ያሰብኩት የቀኙን ሽጪልኝ ልልሽ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ዕቃው ከባድ ነው፣ አንቺ ደግሞ ደረጃ አለብሽ፣ ጉልበትሽም አለ። የኔን ከነሸክላ ማጫወቻው ይዤ እኔ ብመጣስ? እሁድ ከሰዓት፣ አንድ ሸክላ ብቻ። ካለቀ በኋላ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። አታዳምጠኝም ትይኝ ነበር፤ ልክ ነበርሽ። ናፍቀሽኛል።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው፣ የእናትሽንም ጉሮሮ ይጠብቅልን።

የቀድሞው ባለቤትሽ

ረስቼው ነበር፦ አጎቴ የሰጠሽ ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ የኔንም ይዤ እመጣለሁ። የትራሱን ነገር አላነሳሁም።